አሮጌ ፒክአፕ፣ ሌላ ካምቢዮ፦ ሻንሲው ከመቆረጡ በፊት ያለው ሥራ



እነዚያን አጫጭር ቪዲዮዎች ሳታዩ አትቀሩም። ዝገት የበላው የድሮ የአሜሪካ ፒክአፕ ጋራዥ ይገባል፣ ግራይንደር ይነሳል፣ ብልጭታ ይረጫል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። በ60 ሰከንድ ውስጥ መኪናው ሌላ ካምቢዮ ተገጥሞለት አስፋልት ላይ ይከንፋል። እኛም እናያለን፣ ደስ ይለናል። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነናል። ያ ተቆርጦ የተጣለው ብረት ሥራው ምን ነበር? እሱ ሲወጣስ ሥራውን ማን ተረከበው?

ዛሬ ቪዲዮው የሚዘለውን ክፍል እናያለን። ምሳሌ የምናደርገው አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠራውን ቅያሬ ነው፤ ከ1967 እስከ 1972 እ.ኤ.አ የተመረተው ሼቭሮሌ ሲ-10 ፒክአፕ ላይ 700 አር 4 የሚባለውን ካምቢዮ መግጠም። መኪናው የአሜሪካ ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለማንኛውም ሻንሲ ላለው መኪና ይሠራል።

መጀመሪያ ነገር፣ ለምን ይቀየራል?

የዚያን ዘመን ሲ-10 ኦቶማቲክ ከሆነ፣ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ብዙ ጊዜ የሚገኝበት ቲኤች 350 የሚባል ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ጠንካራ ነው፣ ለጥገና ቀላል ነው። ችግሩ ሦስተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ መሆኑ ነው። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱም አንዴ ይዞራል፤ ከዚያ በላይ የሚያሳርፍ ማርሽ የለውም።

በቁጥር እንየው። ዲፈረንሻሉ 3.73 ከሆነና የጎማው ቁመት 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ መኪናው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,900 ጊዜ ይዞራል። ረጅም መንገድ ላይ ይህ ማለት ጩኸት፣ ሙቀትና የነዳጅ ብክነት ነው።

700 አር 4 ደግሞ አራተኛ ማርሽ አለው። የዚያ ማርሽ ቁጥር 0.70 ነው። ፍጥነቱ ሳይቀንስ የሞተሩ ዙር ወደ 2,050 ይወርዳል። በዚያ ላይ አንደኛው ማርሽ 3.06 ነው፤ የቲኤች 350 አንደኛ ግን 2.52 ነው። ስለዚህ ሲነሳም ጉልበት አለው፣ ሲሮጥም ያርፋል።

ይህ ካምቢዮ የመጣው በ1982 ሞዴል መኪኖች ላይ ነው። ጊዜው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከ1973ቱና ከ1979ኙ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ጭንቅ ውስጥ ነበሩ። የ1973ቱን ቀውስ እኛም እናውቀዋለን፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ ያቆሙት የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ ነበር።

ሌላው የሚወደድበት ምክንያት ኮምፒውተር የማይፈልግ መሆኑ ነው። በዘይት ግፊትና በኬብል ነው የሚሠራው። ለ50 ዓመት መኪና ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የ5 ሳንቲ ሜትር ጉዳይ

ሁለቱም ካምቢዮዎች ከሼቭሮሌ ሞተር ጋር ያለ ችግር ይያያዛሉ። እዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከኋላ ነው።

ካምቢዮ በሞተሩ ብቻ ተንጠልጥሎ አይቀመጥም። ጭራው ሥር ወፍራም ጎማ አለ፣ ጎማው ደግሞ በሻንሲው ግራና ቀኝ መካከል በተጋደመ ብረት ላይ ያርፋል። ይህን ብረት በዚህ ጽሑፍ “አግዳሚ” እንበለው።

አጭር ጭራ ያለው ቲኤች 350 ላይ ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ፊት እስከ ጎማው ድረስ ወደ 52 ሳንቲ ሜትር ነው። 700 አር 4 ላይ ግን ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነገር ጋር ነው። ጠቅላላ ርዝመቱም ወደ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ግድ ይሆናል። አግዳሚው ወደ ኋላ መሄድ አለበት፣ ፕሮፔለር ሻፍቱም ማጠር አለበት። “በቃ 5 ሳንቲም አይደል እንዴ፣ ቆርጠን እንበይደዋለን” የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አደጋውም የሚገባው እዚሁ ጋ ነው።

ሻንሲ ምንድን ነው? በጫማ ካርቶን እንየው

እስቲ ቤት ውስጥ ባዶ የጫማ ካርቶን ካለ አምጡ። ክዳኑን አውልቁና ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙት። በቀላሉ ይጣመማል። አሁን ክዳኑን ግጠሙበትና እንደገና ሞክሩ። እምቢ ይላል አይደል?

የድሮ ፒክአፕ ሻንሲ ክዳን እንደሌለው ካርቶን ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ረጃጅም ብረቶች በአንድ በኩል ክፍት ናቸው፤ ቅርጻቸው ጎኑ እንደተከፈተ ቦይ ነው። ቀጥ ያለ ጭነት ሲመጣ ጎበዝ ናቸው። ጥምዘዛ ሲመጣ ግን ለብቻቸው ደካማ ናቸው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሻንሲው ይጠመዘዛል። ያን ጊዜ ሁለቱን ብረቶች አንድ ላይ አስሮ የሚይዛቸው አግዳሚው ነው። መሰላልን አስቡ። ደረጃዎቹን ብታወጡ ሁለት እንጨት ብቻ ይቀራል፤ ያ መሰላል አይባልም።

ስለዚህ አግዳሚው የካምቢዮ ማስቀመጫ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ካምቢዮውን ይሸከማል፣ ሻንሲው እንዳይጠመዘዝም ይይዛል። አንዱን ሥራ አይታችሁ ሌላውን ከረሳችሁ፣ መኪናው በመጀመሪያው ቀን ምንም አይልም። ከወራት በኋላ ግን በር አልዘጋ ይላል፣ ድምፅ ይመጣል፣ ብረቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል።

የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ከሻንሲ ላይ ማንኛውንም ብረት ከማንሳታችን በፊት ምን ምን እንደተሸከመ እንቁጠር፤ ተተኪውም ሁሉንም ሥራ መቻል አለበት።

መበሳት የሚቻለው የት ነው?

የሻንሲው ረጅም ብረት ሦስት ገጽ አለው። ከላይ የተኛ፣ ከታች የተኛና መሃል ላይ የቆመ። ጭነት ሲመጣ ከላይና ከታች ያሉት ገጾች አብዛኛውን ጭንቀት ይቀበላሉ፤ አንዱ ይጨመቃል፣ ሌላው ይለጠጣል። የቆመው ገጽ መሃል አካባቢ ግን ጭንቀቱ ትንሽ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳው በቆመው ገጽ ላይ፣ ከጠርዞቹ ራቅ ብሎ ነው። የታችኛውን ገጽ መብሳት ወይም ጠርዙን በግራይንደር መሸረፍ ግን ለስንጥቅ በር መክፈት ነው። ጨርቅ ስትቀዱ ጠርዙን ትንሽ በመቀስ ነካ አድርጋችሁ አይደል የምትጀምሩት? ብረትም እንደዚያው ነው።

ሥራው እንዴት ይሄዳል?

👉 አንደኛ፣ መለካት። አሥሬ ለካ አንዴ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር መግባት በፍጹም አይሞከርም። ከዚያ ሻንሲው በሰያፍ ይለካል፤ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። እኩል ካልሆኑ ችግሩ ቀድሞም ነበር ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይታያል። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ሥራው ሲያልቅ ያው ቁጥር መመለስ አለበት።

👉 ሁለተኛ፣ ቤንዚኑን ማውጣት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1967–72 ሲ-10 ላይ የቤንዚን ታንኩ ያለው ከወንበሩ ጀርባ፣ ካቢኔው ውስጥ ነው። ግራይንደርና ብየዳ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ካቢኔ ሥር ነው። ባዶ ታንክ ይሻላል ብላችሁ እንዳትታለሉ። እንፋሎቱ የቀረበት ታንክ ከሙሉው ይልቅ በቀላሉ ይፈነዳል። ታንኩ ወርዶ ከጋራዡ ይወጣል፣ ባትሪውም ይፈታል። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ሳይኖር ሥራ አይጀመርም።

👉 ሦስተኛ፣ ሞተሩን መደገፍ። አግዳሚው ሲፈታ ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካምቢዮ የሚያርፍበት ያጣል፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ መጀመሪያ ድጋፍ፣ ከዚያ ፈታ።

👉 አራተኛ፣ ሪቬት ካለ በዘዴ ማውጣት። ፋብሪካው ብዙ ቦታ ላይ የተጠቀመው ሪቬት ነው። ጭንቅላቱ በግራይንደር ይላጣል፣ መሃሉ ይበሳል፣ ከዚያ በመዶሻና በመምቻ ይወጣል። በእሳት ማቅለጥ ፈጣን ይመስላል፤ ግን በዙሪያው ያለውን የሻንሲ ብረት ያቃጥላል።

👉 አምስተኛ፣ በትክክለኛ ቡሎን መመለስ። ያገኛችሁትን ቡሎን አትጠቀሙ። የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ያለውን ምልክት እዩ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያውን ቁጥር በ100 ስታባዙት ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን የመለጠጥ ጭንቀት በሜጋፓስካል ይነግራችኋል። ለዚህ ሥራ 10.9 ጥሩ ነው። የአሜሪካ ቡሎን ከሆነ ጭንቅላቱ ላይ 6 መስመር ያለው ነው የሚፈለገው፤ 3 መስመር ያለው ደከም ይላል። ምንም ምልክት የሌለውን ለአጥር ተውት። ቀዳዳውም ለቡሎኑ ልክ መሆን አለበት። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ቡሎን ይንቀሳቀሳል፣ እየተንቀሳቀሰም ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

“ብየዳስ አይሻልም?”

ይህ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ብየዳ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የሲ-10 ሻንሲ ብየዳ የሚቀበል ብረት ነው። ግን ሙቀቱ የነካው ብረት ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። በተለይ የታችኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር መበየድ ሻንሲውን “እዚህ ጋ ተሰበር” ብሎ ምልክት ማድረግ ነው።

በቡሎን የተሠራ ነገር ሌላ ጥቅም አለው። ይፈታል። የለካችሁት ቢሳሳት፣ ነገ ሌላ ካምቢዮ ቢመጣ ወይም የሚገዛችሁ ሰው መኪናውን እንደ ድሮው ቢፈልገው መመለስ ይቻላል። የተቆረጠ ሻንሲ ግን አይመለስም። ለዚህም ነው ጥንቁቅ ሠሪዎች በቡሎን የሚታሰር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት አግዳሚ የሚመርጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ብዙ ከባድ የጭነት መኪኖች ሻንሲያቸው በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። እሱን መበየድ ፋብሪካው ለዓመታት የሰጠውን ጥንካሬ በደቂቃዎች ማጥፋት ስለሆነ አምራቾቹ ራሳቸው ይከለክላሉ። ፒክአፕ ላይ ያያችሁትን ሲኖትራክ ላይ አትሞክሩ።

ሻፍቱ፣ የተረሳው አደገኛ

አግዳሚው ተመለሰ፣ ካምቢዮው ተቀመጠ። አበቃ? ገና ነው።

ፕሮፔለር ሻፍቱ አሁን ረዝሟል። ፊት ለፊቱ ያለው ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ ገባ ወጣ እያለ ይሠራል፣ ምክንያቱም መኪናው ሲዘል ዲፈረንሻሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ጫፉ እስከ መጨረሻው ድረስ ገብቶ ከሆነ፣ ጉድጓድ ላይ ሻፍቱ ካምቢዮውን ከውስጥ ይደልቀዋል። በጣም ከወጣ ደግሞ ተንሸራቶ ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር የመግቢያ ቦታ ይተዋል።

የሻፍቱ የፊት ጫፍ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። አስፋልት ላይ ይተከልና መኪናውን ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ሻፍት የሚያጥረው በሙያተኛ ነው፤ ተቆርጦ፣ ቀጥ ብሎ ተበይዶ፣ ሚዛኑ ተስተካክሎ። ከሻፍቱ ዙሪያ የሚታሰር መያዣ ቀለበት ማድረግም ርካሽ ዋስትና ነው።

ከዚያ ደግሞ አንግሉ አለ። በሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉት ክሮቼራዎች ጎበጥ ብለው ሲዞሩ እኩል ፍጥነት አይሰጡም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈጠን፣ ሁለት ጊዜ ዘገም ይላሉ። የፊተኛውን ዝብርቅ የኋለኛው እንዲያጠፋው የሁለቱ አንግል እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ፣ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። አግዳሚው ላይ ካምቢዮውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይህን አንግል ይለውጠዋል። “ካምቢዮ ከቀየርኩ ወዲህ በ80 ላይ ይንቀጠቀጣል” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ጎማ ከማስተካከሉ በፊት ይህን ያስለካ።

ስልካችሁ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ደረጃ የሚለካው አፕ ስልኩን ብረቱ ላይ ስታስጠጉት ዲግሪውን ይነግራችኋል። ለመጀመሪያ ግምት በቂ ነው፤ ለመጨረሻው ግን ማግኔት ያለው የአንግል መለኪያ ይሻላል።

ካምቢዮውን የምትገድል ትንሽ ኬብል

የ700 አር 4 ትልቁ ወጥመድ ከሻንሲው ጋር አይገናኝም፤ ግን ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ ቀጭን ኬብል አለች። ቤንዚን ምን ያህል እንደረገጣችሁ ለካምቢዮው የምትነግረው እሷ ናት፤ ካምቢዮውም በዚያ ልክ የዘይት ግፊቱን ይጨምራል።

ኬብሏ በትክክል ካልተስተካከለች ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ በውስጥ ያሉት ዲስኮች ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። አዲስ የታደሰ ካምቢዮ በአጭር ጉዞ ሊበላሽ ይችላል። “700 አር 4 አይረባም” የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የመጣው ከዚህች ኬብል ነው።

እኛ አገርስ?

ሲ-10 አዲስ አበባ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። የሌላ መኪና ሞተርና ካምቢዮ አምጥቶ መግጠም ግን ለጋራዦቻችን አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም “ካምቢዮ” የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም “ቅያሬ” ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ካለው ነገር መሥራት ግድ ይሆናል። በዚያ ሙያ የሚኖሩ እጃቸው የተባረከ መካኒኮች አሉን።

ግን መኪናውን የሚነዳው፣ ከኋላ የሚጫነውና ከጎን በእግሩ የሚሄደው ሰው ሻንሲው ሥር ምን እንደተሠራ አያይም። ቀለም ይሸፍነዋል። ስለዚህ እናንተ፣ ወንድማችሁ ወይም አባታችሁ መኪና ለእንዲህ ያለ ሥራ ስታስገቡ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦

👉 የሚነሳው ብረት ከካምቢዮው ሌላ ምን ይዟል? በምን ይተካል?

👉 የት ነው የሚበሳው? በቆመው ገጽ ወይስ ከታች?

👉 ቡሎኑ ስንት ቁጥር ነው?

👉 ሻፍቱን ማን ያሳጥረዋል? ሚዛኑስ ይለካል?

👉 ሊብሬ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር የተመታበት ቦታ ይነካል? ከተነካ ነገ በምርመራ ላይ መኪናው ያንተ ነው ብሎ ማስረዳት ጣጣ ነው።

ጥሩ መካኒክ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ብሎት ያሳያችኋል። “አታስብ፣ ለኔ ተወው” ብቻ የሚል ከሆነ ግን ትንሽ አስቡበት።

ሥራው ሲያልቅም ቁልፍ ተቀብሎ መሄድ ብቻ አይደለም። አጭር ጉዞ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ ቡሎኖቹ በሙሉ እንደገና ይፈተሹ። በሰያፍ የተለካው ቁጥር ስልካችሁ ላይ አለ አይደል? እንደገና ይለካ። እኩል ከመጣ መንገዱ የናንተ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ያን ቪዲዮ ስታዩ ብልጭታውን አትዩ። ግራይንደሩ ከመነሳቱ በፊት ሜትር የያዘ ሰው መኖሩን እዩ።

ጋራዥ ለሚውል ወይም መኪና ለሚያሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም መንገድ!